ጠፈርን ሲያልሙ የኖሩት ሰዎች ለገበሬው ምን ይዘው መጡ?

ሐምሌ 14 ቀን 1961 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ላይ፣ ኒል አርምስትሮንግ የተባለው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ እግሩን ጨረቃ ላይ አሳረፈ። በመካነ ሰላም፣ በወግዲ፣ በከላላና በሳይንት ያ ሰዓት ገበሬው ሞፈርና ቀንበሩን አዘጋጅቶ በሬዎቹን ከበረት የሚያወጣበት ሰዓት ነው። ወቅቱ ክረምት፣ ምድሩ ጭቃ፣ ሰማዩም ደመና ነው። ጨረቃዋ ራሷ ቀደም ብላ ጠልቃ ስለ ነበር፣ ደመናው እንኳ ቢገለጥ ቀና ብሎ የሚያይ ሰው የሚያገኘው ነገር አልነበረም። ወሬው ሬዲዮ ካለባቸው ጥቂት ቤቶች ወደ ገበያ፣ ከገበያም ወደ መንደር እየተቀባበለ የሚደርስበት ዘመን ነበር።

ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ዩሪ ጋጋሪን የተባለው የሶቪየት አየር ኃይል መኮንን በ108 ደቂቃ ውስጥ መሬትን ዞሮ ተመልሷል። የሰው ልጅ ወደ ጠፈር ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነው። ጋጋሪን የገጠር ልጅ ነበር። አባቱ አናጢ ሲሆን እናቱ በኅብረት እርሻ ላይ ትሠራ ነበር። ከጠፈር ሲመለስ በጃንጥላ የወረደው በቮልጋ ወንዝ አጠገብ ካለ እርሻ ላይ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ያገኙት ሰዎች ድንች ሲተክሉ የነበሩ አንዲት የገበሬ ሴትና የልጅ ልጃቸው ናቸው። ብርቱካንማ ልብስ የለበሰና ትልቅ ነጭ ቁር የደፋ ሰው ከሰማይ ወርዶ ወደ እነሱ ሲመጣ እንደ ደነገጡ ተነግሯል። ማን አይደነግጥ! ከጠፈር የመጣውን የመጀመሪያ ሰው ለመቀበል ዕድሉ የደረሰው እንግዲህ ለሹማምንት ሳይሆን ለድንች ገበሬ ነው።

ይህ ሁሉ ለቦረና ገበሬ ምኑ ነው? በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስለ ሳተላይት ሲነሣ ከመሪዎች የሚሰማው ጥያቄ ይኸው ነው። በልግ በጠፋበት፣ ውርጭ ገብሱን በሚያቃጥልበት፣ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ዓባይ በሚወርድበት አገር፣ ሰማይ መቧጠጥ ቅንጦት አይደለም ወይ? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱን ለማግኘት ግን በመጀመሪያ በዚህ ነገር ልባቸው የተሳበውን የአገራችንን ሰዎች ማየት ይጠቅማል።

ሰማይን መመልከት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የፀሐይና የጨረቃን አካሄድ በስፋት የሚተነትነው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ነው። በዓላትንና አጽዋማትን በባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ መርጌታ፣ የረመዳንን ጨረቃ ከኮረብታ ላይ ሆኖ የሚጠባበቅ ሼኽ ወሎ ውስጥ ጎን ለጎን ኖረዋል። አዲሱ ነገር፣ ወደዚያ ሰማይ ሰው መውጣት መጀመሩ ነው። ጀሚኒ 5 በተባለችው መንኮራኩር ስምንት ቀን ጠፈር ውስጥ የቆዩት ጎርደን ኩፐርና ፒት ኮንራድ በ1958 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። በዚያው ዘመን በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ሳተላይቶችን ሌሊት ከከዋክብት መካከል ለይቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ የአሜሪካ ስሚዝሶኒያን ተቋም ጣቢያ ይሠራ ነበር። አርምስትሮንግና ባልደረባው ከጨረቃ ይዘውት ከመጡት 21 ኪሎ ግራም ያህል ድንጋይና አፈርም ለልዩ ልዩ አገሮች ፍርፋሪ ሲታደል ኢትዮጵያ ድርሻዋን አግኝታለች።

በዚህ ዘመን ካደጉት ልጆች አንዱ ቅጣው እጅጉ ናቸው። የተወለዱት በ1940 ዓ.ም. ቦንጋ፣ ከፋ ውስጥ ነው። ከዚያም ባሕር ዳር ከሚገኘው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ገቡ። ያ ትምህርት ቤት በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተሠራና በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ከመካነ ሰላም ብናየው ከዓባይ ማዶ ያለ ጎረቤት ነው። ኢንጂነር ቅጣው ከዚያ ወደ ጃፓን፣ ከጃፓንም ወደ አሜሪካ ሄደው ተማሩ። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ወደ ሌሎች ፕላኔቶች የሚሄዱ መንኮራኩሮችን በሚሠራበት በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ፣ በኋላም ሮክዌል በተባለው ኩባንያ በመሐንዲስነት ሠርተዋል። በጥር ወር 1998 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው አርፈዋል። አንድ የቦንጋ ልጅ ሶቪየቶች ባሠሩት ትምህርት ቤት ተምሮ ለአሜሪካ መንኮራኩር መሥራቱ፣ ሁለቱ ኃያላን በጠፈር ሲሽቀዳደሙ በነበሩበት ዘመን፣ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር አለው።

ሮክዌል የመጀመሪያዎቹን የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሠራ ኩባንያ ነው። ጂፒኤስ ደግሞ የቀበሌ መሪዎች ሳያውቁት የማይቀሩት ነገር ነው። የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ድንበር ለመለካት በእጁ ይዞት የሚመጣው ትንሽ መሣሪያ የሚሠራው በእነዚህ ሳተላይቶች ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመሬት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩት ሳተላይቶች እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ይዘዋል። እያንዳንዱ "አሁን ሰዓቱ ይህ ነው፣ እኔ ያለሁት እዚህ ነው" እያለ ያለማቋረጥ ይናገራል። መሣሪያው ቢያንስ ከአራቱ የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ፣ ድምፁ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ ወደ ርቀት በመለወጥ የቆመበትን ቦታ ያሰላል። በገመድ ከመለካት የተሻለ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ በእጅ የሚያዘው ተራ መሣሪያ ጥቂት ሜትር ሊስት ይችላል። ለመንገድ ሥራ ጥቂት ሜትር ምንም አይደለም፤ ቀጫጭን ማሳዎች ጎን ለጎን በተደረደሩበት ተዳፋት ላይ ግን ጥቂት ሜትር የሁለት ቤተሰብ ጠብ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ቁጥር ሲያወጣ፣ ድንበሩን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ከቦታው መገኘት አለባቸው። "ሳተላይቱ ብሏል" ተብሎ ብቻ መፈረም አይገባም።

ኢንጂነር ቅጣው ሕልማቸውን ያሳኩት ከአገር ወጥተው ነው። እዚሁ ቀርተው ተመሳሳይ ሕልም ያለሙ ሰዎች ደግሞ በ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲን አቋቋሙ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማኅበራቸው የእብዶች ክበብ ይባል እንደ ነበር ራሳቸው ተናግረዋል። ሕዝብ ምግብ ሳያገኝ እነሱ ኮከብ ይቆጥራሉ የሚል ነቀፌታ ነበረባቸው። ይህ ከላይ ያነሣነው የቀበሌ መሪዎች ጥያቄ ነው፤ ከሹማምንትም ይሰነዘርባቸው ነበር። እነሱ ግን አልተዉትም። በ3,200 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው በእንጦጦ ተራራ አናት፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር ስፋት መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ተተከሉ። ለሥራው ገንዘብ ያወጡት የወሎው ተወላጅ ሼኽ መሐመድ አል አሙዲ ናቸው። ለሁለተኛው ማያ ደግሞ የታሰበው ቦታ የላሊበላ ተራራማ አካባቢ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአዲስ አበባ መብራት ሰማዩን ያደበዝዘዋል። የደጋው ገጠር ጨለማ እንግዲህ ለሥነ ፈለክ ሰዎች ተፈልጎ የማይገኝ ሀብት ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ሕዝብና ሹማምንት እንጦጦ ላይ ተሰብስበው፣ ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና ስትመጥቅ በምስል ተመለከቱ። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ነበር፤ ከአንድ ኩንታል እህል ያነሰ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ከቻይናውያን ጋር በሥራዋ ተካፍለዋል። ከወጪውም አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሌላ አነስተኛ ሳተላይት ተከተለቻት። የመጀመሪያዋ ሳተላይት ሥራ ተብሎ የተነገረው እርሻን፣ ደንን፣ ውሃንና የአየር ጠባይን መከታተል ነው።

ሳተላይት ከ600 ኪሎ ሜትር ርቀት የገበሬን ማሳ እንዴት ያውቃል? ለምለም ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ቀዩን ይመጥጣል፤ የእኛ ዓይን የማያየውንና ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ግን መልሶ ይወረውራል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ይህ ሚዛን ይለወጣል። ሳተላይቷ ሁለቱን ብርሃን እየለካች ታወዳድራለች። ስለዚህ ከመንገድ ዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው ቡቃያው ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ከላይ የሚያየው መሣሪያ ሰብሉ መጨነቅ መጀመሩን ሊያውቅ ይችላል። የኢቲአርኤስኤስ-1 ካሜራ በአንድ ነጥብ የሚያየው 14 ሜትር ገደማ በ14 ሜትር የሆነ ቦታ ነበር። ሩብ ሄክታር የሚሆን አንድ ጥማድ መሬት ላይ ሲሰላ 13 ነጥብ ያህል ይደርሰዋል። ማሳው መኖሩንና መልኩን ለማወቅ ይበቃል፤ በማሳው ውስጥ ዋግ ከየት ጥግ እንደ ገባ ለማወቅ ግን አይበቃም። በክረምት ደግሞ ደመናው ይጋርደዋል። ሳተላይት የሚያየው ሁሉን ነው ብሎ የሚያወራ ባለሙያ ካለ፣ ስለ ሐምሌና ነሐሴ ደመና ይጠየቅ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ወሎ ልታስታውሰው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ምድርን ከላይ እየተመለከተ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ የተሠራው የመጀመሪያው የላንድሳት ሳተላይት የመጠቀው በሐምሌ ወር 1964 ዓ.ም. ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በድርቅ ስትራቆት እንግዲህ የሚያይ ዓይን ሰማይ ላይ ነበር። ሕዝቡ ግን አለቀ። የጠፋው ዓይን ሳይሆን፣ የታየውን ወዲያው የሚናገርና ሰምቶም የሚነሣ ነበር። በ1977ቱ ረሀብ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ሳተላይት የሚያየውን የልምላሜና የዝናብ ሁኔታ ከገበያ ዋጋ ጋር እያገናዘበ ረሀብን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ድርጅት በአሜሪካ መንግሥት ተቋቋመ። ፊውስ ኔት ይባላል። የተወለደው ከእኛው መከራ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ የድርቅ ወሬ ከመኪና ቀድሞ የሚደርስበት ዘመን መጣ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ፣ አዲሐ በተባለ ቀበሌ፣ ሳተላይት የለካው ዝናብ ከተወሰነ መጠን በታች ሲሆን ለገበሬው ካሳ የሚከፍል የሰብል መድን ተሞከረ። ማሳውን ሄዶ የሚገምት ሰው አያስፈልገውም። ደካማ ጎኑም እዚያው ላይ ነው። ዝናቡ ለአካባቢው ሲለካ በቂ ሆኖ፣ በአንዱ ገበሬ ማሳ ላይ ግን በረዶ ቢወርድበት መድኑ አያየውም። እንዲህ ያለ ውል ወደ ቀበሌ ሲመጣ የሚያስፈርሙ መሪዎች ይህን አስቀድመው ለአባላቱ ማስረዳት ይኖርባቸዋል።

እስከ አሁን ያልነው ሁሉ ሰው ስለሌለባቸው ሳተላይቶች ነው። ሰዎቹስ? ጠፈርተኞች ከላይ ሆነው ምን ይሠራሉ ቢባል፣ ከሥራቸው አንዱ እርሻ ነው። ይህ ጸሐፊ የግብርና ትምህርት ስለ ቀመሰ ሊሆን ይችላል፣ ከጠፈር ወሬ ሁሉ እንደዚህ የሚማርከው የለም።

በ1988 እና በ1989 ዓ.ም. ሩሲያውያን ሚር በተባለችው የጠፈር ጣቢያቸው ውስጥ ድንክ ስንዴ ዘሩ። አሜሪካዊቷ ሻነን ሉሲድ ለ188 ቀን ጠፈር ላይ በቆዩበት ጊዜ ያን ስንዴ ከተንከባከቡት አንዷ ናቸው። ስንዴው በቀለ፣ አደገ፣ ዛላ አወጣ። ወደ መሬት መጥቶ ሲታይ ግን ዛላው በሙሉ ባዶ ነበር። አንዲት ፍሬ አልተገኘበትም። ገበሬ ቢሆን ውርጭ ወይም ዋግ ነው ይል ነበር። ሲመረመር ጥፋተኛው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ሆነ። ተክሎች ራሳቸው የሚያወጡት፣ ሙዝ ታፍኖ ሲቀመጥ ቶሎ እንዲበስል የሚያደርገው ጋዝ ነው። በዝግ ጣቢያ ውስጥ መውጫ አጥቶ ሲጠራቀም ስንዴውን አመከነው። በ1991 ዓ.ም. ገደማ የተሻለ ዘር ተመርጦ፣ አየሩም ተጠብቆ ሲዘራ ስንዴው ፍሬ ሰጠ።

ውሃውም ሌላ ጣጣ ነበረው። ለቦረና ገበሬ ችግሩ ውሃ ቁልቁል መሮጡ ነው፤ እርከን የሚሠራው፣ ቦይ የሚቀድደው እሱን ለመግታት ነው። ጠፈር ላይ ግን ቁልቁል የሚባል ነገር የለም። ያጠጡት ውሃ አይሰርግም፣ አይወርድም፤ ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ድቡልቡል ሆኖ ይቀራል። ሥሩም አየር አጥቶ ይታፈናል። ስለዚህ ውሃን በስሱና በመጠኑ ወደ ሥሩ ማድረስ የሚቻልበት ዘዴ በየጊዜው ሲሞከር ቆይቷል። በነሐሴ ወር 2007 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የነበሩ ሰዎች እዚያው ያበቀሉትን ሰላጣ ቀጥፈው በሉ። ለመጠጥ ውሃ ደግሞ ላባቸውንና ሽንታቸውን ሳይቀር እያጣሩ መልሰው ይጠቀማሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 98 እጁን መልሶ ማግኘት እንደ ተቻለ ተገልጿል። ነገሩ ቢሰቀጥጥም፣ በበጋ ከሩቅ ምንጭ እንስራ ተሸክማ የምትመለስ ሴት ትርጉሙን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አትፈልግም።

አርምስትሮንግ የረገጠው አፈርስ? በአሜሪካ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለ50 ዓመት ያህል ተቆልፎበት የኖረውን የጨረቃ አፈር አውጥተው ዘር እንደ ዘሩበት በ2014 ዓ.ም. አስታወቁ። ለአንድ ዘር የደረሰው አንድ ግራም ያህል አፈር ብቻ ነው። ሁሉም በቀሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ቀጨጩ፣ አንዳንዶቹም ወይን ጠጅ መልክ አመጡ። በጣም የተጎዱት አርምስትሮንግ ባመጣው አፈር ላይ የበቀሉት ናቸው። በዚያ አፈር ውስጥ ብስባሽ የለም፣ ትል የለም፣ ሕይወት የሚባል ነገር አልነካውም። ከመሬት አፈር የሚለየው በዚህ ነው። ይህን የሰማ ሰው በዶፍ ዝናብ ከማሳው ታጥቦ ወደ ዓባይ የሚወርደውን ቀይ ጎርፍ ሲያይ፣ ምን እየሄደበት እንደሆነ በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም።

በቦረና ትምህርት ቤቶች ያሉ ልጆች ስለዚህ ነገር መጠየቃቸው የማይቀር ነው። ከብት ጥበቃ ላይ ያሉትም እንዲሁ። ዛሬ መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለባት ከተማ ናት፤ የቅጣው እጅጉ ትውልድ ግን እንዲህ ያለ ነገር በደጁ አልነበረውም። ከአፍሪካ አገሮች ዜጎች ጠፈር ላይ በመውጣት የመጀመሪያው የደቡብ አፍሪካው ማርክ ሻትልወርዝ ሲሆን፣ በ1994 ዓ.ም. ገንዘቡን ከፍሎ ነው የሄደው። ለደሀ ልጅ ያ መንገድ አይሆንም። ለእሱ ያለው መንገድ ሒሳብና ፊዚክስ ነው። የቀበሌ መሪ ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ቢኖር፣ በአጨዳና በውቂያ ወቅት ልጆች ከትምህርት ገበታ እንዳይቀሩ ከወላጆች ጋር መነጋገር ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እናውቃለን፤ እጅ ያጠረው ቤተሰብ የልጁን ጉልበት ይፈልገዋል። ሆኖም በየቀበሌው ስብሰባ ላይ ማዳበሪያና እርከን ሲነሡ ይህም አብሮ ቢነሣ የሚከብድ አይደለም።

የጠፈር ጣቢያዋን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ከጥቅምት 1993 ዓ.ም. ጀምሮ ለአንድ ቀን እንኳ ሰው ተለይቷት አያውቅም። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና በ90 ደቂቃ ገደማ መሬትን አንድ ጊዜ ትዞራለች። በዙሯ ላይ በደጋችን አናት የምታልፍባቸው ቀኖች አሉ። ደመና በሌለበት በበጋ ወራት፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ወይም ጎሕ ከመቅደዱ በፊት፣ ከዋክብትን የሚያስንቅ ብርሃን ከምዕራብ በኩል ተነሥቶ ሳይርገበገብ፣ ያለ ድምፅ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ ይታያል። የሚርገበገብና ቀይ መብራት ያለው አውሮፕላን ነው። ጣቢያዋ አራትና አምስት ደቂቃ ያህል ትታያለች። ምሽት ከሆነ አንዳንዴ ሰማዩን ሳትጨርስ መካከል ላይ ቀስ በቀስ ደብዝዛ ትጠፋለች፤ ደመና ጋርዷት ሳይሆን ወደ መሬት ጥላ ገብታ ነው። ማሳ ለመጠበቅ ማማ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ከማንም በፊት ያዩዋታል።